ሽማግሌ ቆሞ የተገፋ መድፍ

አዳማ፣ ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ባቱ ላለችው እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ወገብሽንና እግርሽን እጠይቃለሁ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ቀኑን ሙሉ አበባ ማሸጊያው ክፍል ውስጥ ቆመሽ እንደምትውዪ፣ ማታ ጫማሽን ስታወልቂ እግርሽ አብጦ እንደምታገኚው ነግረሽኝ ነበር። ጨው በገባበት ለብ ያለ ውኃ ዘፍዝፊው፤ ቸል አትበዪ። የሐይቁ ትንኝስ እንዴት ነው? አከራይሽ ሴትዮ ውኃውን በወረፋ ማድረጓን ተወች ወይስ አሁንም በየጠዋቱ በባልዲ ትጣላላችሁ? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሰውነቴ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ለሰው ጥርስ እሠራለሁ። የቀረውን ከታች ታነቢዋለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ መብራት መጥፋትና ስለ ሽንኩርት መወደድ አውርተን ዘጋን። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይያዛል። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። በባቱ መስመር የሚሠራው የሚኒባስ ሹፌር ፈዬራ ነገ ጠዋት ያደርስልሻል። እባክሽ መንገድ ላይ ቆመሽ አትክፈቺው፤ ቤትሽ ገብተሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የምጽፍልሽ ነገር ያሳፍራል። ከዚህ በፊት ብዙ የሚያሳፍር ነገር ሠርቼ አውቃለሁ፤ ይህ ግን አንቺ ላይ የሠራሁት ነው። አንዳንዱን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ተራ በተራ ካላስቀመጥኩት የምለውን አልለውም፣ ስለዚህ ታገሺኝ።

ጨዋታችንን መቼም አልረሳሽውም። ሐዲስ ከኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የጨዋታ ሕግ አሳትሞ የመጣ ቀን፣ ፓምፕ የሚጠግን ሰውና ጥርስ የሚሠራ ሰው በዚህ ዕድሜያቸው በአሻንጉሊት ሊጫወቱ ነው ብለሽ እስኪበቃሽ ስቀሽብናል። ሕጉ የድሮ ፈረንጆች ከተማ የሚከብቡበት ነበር። ግማሹ ወታደር የሦስት ሰው ቁመት የሚያህል ጦር ተሸክሞ፣ ግማሹ በክር እሳት የሚተኮስ ጠመንጃ ይዞ የሚዋጋበት ዘመን። ወታደሮቹን የጥርስ ቅርፅ በማወጣበት ጄሶ ሠራኋቸው፤ ፊታቸውን ድድ ከምሠራበት ሮዝ ነገር። ጦሩ ከጥርስ ማሰሪያ የተረፈ ሽቦ፣ ጠመንጃው ስቴኪኒ ነበር። ካፖርታቸውን በጥፍር ቀለም የቀባሽልን አንቺ ነሽ፤ ግማሹ ሠራዊቴ ቀይ፣ ግማሹ ወይን ጠጅ ሆኖ ቀረ። ዳኛችን ሰዓድ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ ይህ ጦር ሠርግ ነው የሚሄደው ወይስ ውጊያ እያለ ያበሽቀኝ ነበር።

ከተማዋን ከጫማ ካርቶን ሠራን። ከበባው እንዲህ ነው፦ ከተማዋን የከበበው ሰው ጉድጓድ እየቆፈረ ይጠጋል፣ መድፉን ወደ ግንቡ ያቀርባል። ከተማዋን የያዘው ደግሞ ኩባያ ውስጥ ያለውን ምስር ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ ዙር አንድ ሳምንት ነው፣ በየሳምንቱ ምስሩ ይቀንሳል፣ ሲያልቅ ከተማዋ ተርባ እጅ ትሰጣለች። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ስታዪን ቆየሽና፣ ሽማግሌ የማይገባበት ጠብ የት አገር ነው ያለው ብለሽ ጠየቅሽ። ሕጉ ላይ የለም አልንሽ። እንግዲያው ሕጋችሁ የጎደለ ነው ብለሽ ሦስት ወታደር መርጠሽ፣ ጦራቸውን ነቅለሽ፣ ከእኔው ፋሻ ቆርጠሽ ጋቢ አለበስሻቸው። ሕጉ ጀርባ ላይም በእጅሽ ጻፍሽበት፦ ሽማግሌ ቆሞ ምንም አይነካም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከበሩ ወጥተው ከቆሙ፣ ተመልሰው እስኪገቡ ድረስ ሰው ቢሆን መድፍ ቢሆን ከቦታው አይነቃነቅም። ይህን ሕግ ከሁሉም አብልጦ የወደደው ሐዲስ ነበር።

አንቺና ሐዲስ መቼ እንደተግባባችሁ እስካሁን አላውቅም። እኔ በማስመሪያ መድፍ ስለካ እናንተ ከጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ ሆናችሁ ጨርሳችሁ ኖሯል።

ሐዲስ የላካቸው የእውነት ሽማግሌዎች መጀመሪያ የመጡት የካቲት አሥር 2016 እሑድ ነበር። ከፊት አቶ ገብረወልድ፣ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡት፤ ከኋላቸው የመለዋወጫ ነጋዴው ሐጂ መሐመድሰዒድና አይሱዙ ያላቸው ጋሽ ሰንበታ። አባታችን ካረፉ ወዲህ የቤቱ ትልቅ እኔ ነኝና እኔ ፊት ቆሙ። ሽማግሌ እኔ ፊት ሲቆም የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽሽም። እንደ ወጉ፣ ከዘመድ ልንመክር ስለሆነ ለአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ አልኳቸው። ያ እምቢታ እንዳልሆነ እነሱም አንቺም ታውቁታላችሁ፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት ልጁን ያቀለለ ይመስላል። ሲወጡ ከጓዳ ብቅ ብለሽ ፊቴን ሳታዪ ኮሪደሩን መጥረግ ጀመርሽ። ጠዋት ጠርገሽው ነበር።

መሐል ላይ ያለው እሑድ የከበባችን ስምንተኛ ሳምንት ነበር። እኔ ከባቢ፣ ሐዲስ ከተማዋ ውስጥ። ኩባያው ውስጥ አምስት ፍሬ ምስር ቀርቶት ነበር። እኔም ብዙ አልተመቸኝም፤ መድፌ የቆመው ግንቡ በወፈረበት በኩል ነው፣ የተሰነጠቀው ግን በግራ በኩል ነበር። መድፉን ወደዚያ ለማዞር አንድ ሙሉ ዙር ያስፈልገኛል፣ በዚያ ዙር ደግሞ ሐዲስ ከከተማ ወጥቶ ሊያጠቃኝ ይችላል። በዚህ መሐል ሽማግሌዎቹን አወጣ። ፋሻ የለበሱት ሦስቱ በሩ ፊት ቆሙ። ያመጡት ነገር ጥሩ ነበር፤ ወታደሩ መሣሪያውንና ባንዲራውን ይዞ ይውጣ፣ የከተማው ሰው አይነካ፣ ከተማዋን ውሰድ አለኝ። እሺ ካልኩት አሸንፌያለሁ።

ያኔ ስልኩ ጠራ። አንቺ ነበርሽ። ሐዲስ ይቅርታ ብሎኝ ወደ በረንዳው ወጣ። ሰዓድ ለዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ቧንቧው ጋ ሄዷል። ብቻዬን ቀረሁ። መስኮቱ ክፍት ነው። ምን እንዳልሽው አልሰማሁም፤ የሐዲስን ሣቅ ግን ሰማሁ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አብሬው ኖሬያለሁ፣ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። እጄን ዘርግቼ መድፉን ግማሽ ስንዝር ወደ ግራ ገፋሁት። ከኋላው ያሉትን ሃያ ባለ ጦሮችም አስከተልኳቸው።

ተመልሶ ገባ። ጠረጴዛውን አየ እንጂ እኔን አላየኝም። ቀስ ብሎ፣ ሽማግሌ ቆሞ? አለ። በቃ፣ ይህችን ብቻ። እዚያው ነው የነበረው አልኩት። ሰዓድ ክንዱን እያደራረቀ መጣ፤ ምንድነው አለ። እሱ ደግሞ የሰው እጅጌ ወታደር እየጣለ ስላስቸገረን በየዙሩ መጨረሻ ጠረጴዛውን ፎቶ ያነሳ ነበር። ስልኩን አወጣና ዓይቶ ወደ እኔ አዞረው። እህቴ፣ ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። የሰው ጥርስ በሚሊሜትር የሚለካ ሰው ግማሽ ስንዝር ተሳሳትኩ ብሎ ማንን ያሳምናል?

ሐዲስ አልተቆጣም። ተወው፣ ካለበት ይተኩስ፣ ከተማው እንደሆነ ርቦታል ብሎ ዳይሱን በእጄ አስያዘኝ። ወረወርኩ። ስድስት መጣ። ግንቡ ፈረሰ፣ ከተማዋን ያዝኩ። እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጨበጠኝ። ወታደሮቹን ወደ ካርቶን ስንመልስ ግን እየሳቀ፣ የሚመጣው እሑድ የሚመጡልህ ሽማግሌዎች የእውነት ናቸው፣ አደራህን መድፍ እንዳታስጠጋባቸው አለኝ። ሰዓድ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ያን ሳምንት ሥራ መሥራት አልቻልኩም። የአንዲት እናት የላይኛ ጥርስ ሁለቴ አበላሽቼ ሦስተኛ ጊዜ ሠራሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህ ሰው አማቼ ሊሆን ነው። በየዓመት በዓሉ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። አንድ ቀን ለልጆቻችሁ ይነግራቸዋል። ሽማግሌ ቆሞ እየተባልኩ ልኖር ነው። ይህን ስጽፍልሽ ምን ያህል ትንሽ ሰው እንደሆንኩ ለራሴም ይታየኛል፤ ለጄሶ ወታደር ብሎ እህቱን የሚሸጥ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ምክንያቱ ግን ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ ዓለም ጤና ላክሁሽ። አክስታችንን እትዬ አሰለፈችን ሳናማክር መልስ መስጠት ነውር ነው፣ አንቺው ሂጂና ንገሪያት አልኩሽ። አዲሱን ጫማሽን አድርገሽ ሄድሽ።

እሑድ፣ የካቲት ሃያ አራት፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት መጡ። ሦስቱም። በቀጠሯቸው ቀን፣ በቀጠሯቸው ሰዓት። ተቀመጡ እንኳን አላልኳቸውም። ልጅቷን ጠየቅናት፣ አልፈለገችም አልኳቸው። አቶ ገብረወልድ፣ ከሷው አንደበት ብንሰማው ነውር ይሆን ወይ ብለው ጠየቁ። አፍራለች፣ ዘመድ ጋ ሄዳለች፣ አታስጨንቋት አልኩ። ጋሽ ሰንበታ ቶሌ፣ ቶሌ፣ እሺ እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉ። ሐጂ ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ አይዞህ፣ አንተም ለወዳጅህ አዝነሃል አሉኝ። ፊቴ ላይ ያዩት ኀዘን መስሏቸው ነው።

ማታ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት በባጃጅ አስጭነሽ መጣሽ። እትዬ አሰለፈች እልል ብላልሽ ነበር። ከደጃፉ ሳታልፊ፣ ማዳበሪያውን ሳታወርጂ፣ መጡ? አልሽኝ።

አልመጡም አልኩሽ።

ምናልባት ሰው ታሞባቸው ይሆናል፣ ለሚቀጥለው ይሆናል አልሽ። ሦስት እሑድ ጠበቅሽ። በየእሑዱ ጠዋት ግቢውን ታጥቢ ነበር። በአራተኛው አላጠብሽም፣ እኔንም አልጠየቅሽኝም።

ለምን ዝም ብላችሁ አልተደዋወላችሁም ብሎ የሚገርመው ሰው እናንተን አያውቃችሁም። እኔ ግን ሁለታችሁንም አውቃችኋለሁ። አንቺ ቀጠሮ ያፈረሰ ሰው ጋ ደውለሽ ለምን ቀረህ ብለሽ አትጠይቂም፤ እሱ አልፈለግሁህም ያለችውን ሴት ደውሎ አይለምንም። ቢሆንም ያንንም ለዕድል አልተውኩትም። ለሐዲስ፣ ወዳጄ ከሆንክ ለልጅቷ አትደውልላት፣ ሰው ፊት ማፈሯ ይበቃታል ብዬ ቃል አስገባሁት። ቃሉን ጠበቀ። ላንቺ ደግሞ፣ ሐሳቡን ለመቀየሩ ምልክት ዓይቼበት ነበር፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ አልኩሽ። አንድ ቀን ፖስታ ቤቱ ጋ ተገናኝታችሁ እሱ አንገቱን ደፍቶ መንገድ ሲሻገር እንዳየሽው ነግረሽኛል። ያን ቀን ቤት ገብተሽ ያለቀሽው፣ የናቀሽ መስሎሽ ነው። አልናቀሽም፤ እንዳታፍሪ ብሎ ነው።

ሰኔ ላይ ባቱ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ሄድሽ። ባለፈው ፋሲካ ቤት መጥተሽ ስንበላ ቴሌቪዥኑ ላይ ሠርግ ሲያሳዩ፣ አንዳንዱ ሰው ሽማግሌ ልኮ ይጠፋል ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ውኃ ላመጣ ተነሣሁ። ጓዳ ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ።

አሁን ለምን እንደምነግርሽ ልንገርሽ። ሐዲስ ሊያገባ ነው። ልጅቷ ሊዲ ትባላለች፣ የሞጆ ልጅ ናት፤ ፓምፕ ሊጠግን ሄዶ ነው ያወቃት። ሽማግሌ ሊልክ አሰበ። አቶ ገብረወልድና ሐጂ እሺ ብለውታል፤ ጋሽ ሰንበታ ግን ስኳራቸው ተነሥቶባቸው ተኝተዋል። ማክሰኞ ዕለት ሥራ ቦታዬ መጣና፣ በሳቸው ቦታ አንተ ሁንልኝ አለኝ። ወንድም የለኝም፣ በእህትህ ነገር እንኳን ፊትህን አላጠቆርክብኝም፣ እኔም አላጠቆርኩብህም፣ ከዚህ በላይ ወንድም ከየት አመጣለሁ አለኝ። ዓይኑ ውኃ ሞላ። እሺ አልኩት።

እሑድ በስምንት ሰዓት ሞጆ እንሄዳለን። ይህን ዓርብ ስታነቢው ዓርብና ቅዳሜ ይኖርሻል። ሐዲስ ስልኩን አልቀየረም፤ ቁጥሩ ያው ነው። አንድ ቃል ካልሽው እሑድ የሚሄድ ሽማግሌ አይኖርም፣ አውቃለሁ። የሞጆዋን ልጅ እስካሁን ማንም አልጠየቃትም፣ ማንም አያፍርም። ከኔ በቀር። እኔ ደግሞ ይገባኛል። አንቺ ካፈርሽ እኔው ልንገረው፤ ደውዪልኝና ንገረው በዪኝ፣ በእግሬ ሄጄ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ወንድም የለኝም ብትዪም አልፈርድብሽም።

*

ሰኞ፣ ኅዳር 8

እህቴ፤

ከላይ ያለውን የጻፍኩት ሐሙስ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው።

ዓርብ ጠዋት ፈዬራ መናኸሪያው ጋ ጠበቀኝ። ሁለት ጊዜ ደወለልኝ፣ ስልኩን እያየሁት ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ተሳፋሪው ሞልቶበት ወጣ። ቅዳሜም ሁለቴ ተመላልሷል፤ ፖስታው ኪሴ ነበር፤ መናኸሪያውን በሌላ በኩል ዞሬ አለፍኩ።

ትናንት ሄድን። የሊዲ አባት አቶ ማስረሻ ይባላሉ፤ ቆዳ ፋብሪካ የሠሩ፣ ነገር በዝግታ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ቆምን። አቶ ገብረወልድ የመጣንበትን ነገር በጥሩ አማርኛ ተናገሩ። ዘመድ ልንመክር ተመለሱ ይሉናል ብዬ ስጠብቅ፣ እኔ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ ሰው አላመላልስም፣ የምጠይቀውን ጠይቄ ዛሬውኑ መልስ እሰጣችኋለሁ አሉ። ሥራውን ጠየቁ፣ ቤተሰቡን ጠየቁ። ከዚያ፣ ይህ ልጅ ከዚህ በፊት ሌላ ቤት ሽማግሌ ልኮ ያውቃል ወይ፣ ልኮስ ከሆነ በምን ቀረ አሉ። አቶ ገብረወልድ ወደ እኔ ዞሩ። ይህን ከኔ ይልቅ እሱ ነው የሚያውቀው፣ ቤቱ የሱ ቤት ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። ምንም ክፋት አላሰቡም።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። አፌ ላይ ነበር፣ እህቴ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ልኮ ነበር፣ እህቴ አልፈለገችውም አልኩ።

አባትየው አልለቀቁኝም። ለምን? ጠባዩን ዓይታ ይሆን? አሉ። እንዳይጠረጥሩት ፈራሁ። አይ፣ የሱ ነገር አይደለም፣ እሷ የሰው ጥሩ መለየት አታውቅም አልኩ። ስላንቺ እንዲህ ያልኩት በማላውቀው ሰው ቤት፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች ምስክር አድርጌ ነው። አቶ ማስረሻ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እንግዲያው ለእኛ ያስቀመጠልን ነው፣ ተቀመጡ አሉ። ተቀመጥን። ምግብ ቀረበ። በላሁ። ጨምሩለት ሲሉም አልከለከልኩም።

ሐዲስ አስፋልቱ ዳር መኪና ውስጥ ይጠብቀን ነበር። ስነግረው አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። ሠርጉ ለጥር አሥራ ሰባት ተቆርጧል። ከዚያ በኋላ ሞጆ ነው የሚኖሩት፤ አባትየው ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰጥተዋቸዋል። እሑድ እሑድ እመጣለሁ፣ ጨዋታችን አይቀርም ይለኛል። አይመጣም።

ታዲያ ዛሬ ለምን እልክልሻለሁ? ዛሬ ጠዋት ሌላ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፤ ፈዬራን ሳላገኘው ቀረሁ የሚል። ግማሽ ገጽ ደርሼ ቀደድኩት። ሐሙስ ብልክልሽ ትደውይለት ነበር። ዛሬ ብልክልሽ አትደውይም፤ እሺ የተባለች ሴት ሠርግ የምታፈርሺ ሰው አይደለሽም። ይህን አውቄ ነው የጠበቅኩት። ማወቄን ደግሞ አሁን ስጽፈው ነው ያወቅኩት። ለሐዲስ ምንም አልነገርኩትም። ልንገረው ብትዪ ያንቺ ነው፣ ዝም ልበል ብትዪም ያንቺ ነው፤ እኔ ከዚህ በኋላ ባንቺ ነገር የምወስን ሰው አይደለሁም።

አፍሬያለሁ። ይህን ቃል ሐሙስም ጽፌዋለሁ፣ ትናንት ግን ያው ሰው ሞጆ ሄደ። ስለዚህ ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት እንኳን ፊት የለኝም። ከተቻለሽ ብቻ፣ አንድ ቀን፣ ስድብም ቢሆን ድምፅሽን አሰሚኝ። እትዬ አሰለፈችን በኔ ምክንያት እንዳትርቂያት፤ እሷ ምንም አታውቅም።

አንድ ነገር ላንሣልሽና ልዝጋ። ክፍልሽ ውስጥ የጨዋታውን ጠረጴዛ አስገብቼው ነበር፤ ዛሬ አወጣሁትና አልጋሽን ዘረጋሁ። መጋረጃውን አጠብኩት። ቤቱ ለአንድ ሰው በጣም ሰፊ ነው። እዚያ እግርሽ እስኪያብጥ ከምትቆሚ፣ እዚህ የጥርስ ሐኪሟ ሀሴት እንግዳ የምትቀበል ሰው ትፈልጋለች፤ ሥራው ቁጭ ተብሎ ነው፣ ከቤታችን በእግር ይደረሳል። አንቺን ነገርኳት፣ ደስ ብሏታል፣ እስከ ጥር ድረስ ቦታውን ለማንም አልሰጥም ብላኛለች። ያነጋገርኳት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፖስታው ኪሴ ውስጥ ሳለ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። የምትሠሪበት እጅሽን፣ የምትቆሚበት እግርሽን ይባርክልሽ። ከኔ የሚሻል ሰው ከፊትሽ ያቁምልሽ።

ወንድምሽ